ሁለት አፍንጫ ለአንዲት ጉብታ

ሰፈር ውስጥ «አነፍናፊዋ» ነው የሚሏት። ስድብ ይመስላል አይደል? መጀመሪያማ ስድብ ነበር። ልጅ እያለች አንዲት ጎረቤት ወተት ሲገለብጡ በር ላይ ቆማ፣ «እትዬ፣ ይሄ ወተት ለነገ አይደርስም» አለቻቸው። ሴትዮዋ በገኑ። «ሂጂ ከዚህ፣ አንቺ አነፍናፊ!» ብለው አባረሯት። በነጋታው ወተቱ ቋጥሮ አደረ፣ ስሙም እሷ ላይ ጸና። እሷ ምን ቸገራት! «ሰው በድምፁ ይኮራል፣ በቁመቱ ይኮራል፤ እኔ በአፍንጫዬ ብኮራ ማን ምን አገባው?» ትላለች።

ትምህርቱ ላይ ብዙም አልገፋችበትም። ደብተር ከማንበብ ደብተር ማሽተት ነበር ደስ የሚላት። ከፍ ስትል ልብስ አጣቢ ቤት ተቀጠረች። የመጣውን ልብስ መለየት ነው ሥራዋ፤ ይሄ ዘይት ነክቶታል፣ ለብቻው ይዘፍዘፍ፤ ይሄ ላብ ብቻ ነው፤ ይሄኛው ሲጋራ አለበት። ቁጥሩ የወደቀበት ሸሚዝ ሲገኝ፣ «ነይ እስቲ አንዴ» ይሏታል። ኮሌታውን ጠጋ ብላ፣ «የባንኩ ሰውዬ ነው» ትላለች፣ አለቀ። ባሏንም ያገኘችው እዚያው ነው። ሰውዬው ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ቱታውን በፌስታል ይዞ ሲገባ ሌሎቹ ሴቶች አፍንጫቸውን ይዘው ሲበተኑ እሷ ቆማ ቀረች። «ሽታው የቱታው እንጂ የሰውዬው አይደለም» አለቻቸው። ሰውዬው ይሄን ሰምቶ በሳምንቱ ንጹሕ ሸሚዝ ይዞ መጣ፣ ይታጠብልኝ ብሎ። ከዚያ በኋላማ ያው ነው፣ ተጋቡ።

ታዲያ አንድ ቀን አንድ ረጅም ቀጭን ሰውዬ የነጭ ጋዋን ቁልል ተሸክሞ ልብስ ቤቱ ገባ። አንዱን ጋዋን አነሳችና ክው አለች።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ቤትዎ የሚያረቡት ምን ዓይነት አውሬ ነው?»

«አውሬ?»

«ውሻ አይደለም። ድመትም አይደለም። ሳሙናም አለው፣ ፍየልም ፍየልም ይላል፣ ደግሞ ከሥሩ ጣፋጭ ነገር አለው።»

ሰውዬው ቁልሉን እዚያው ጥሎ ሳቀ። ኬሚስት ነው ለካ! ሥጋ በል የዱር እንስሳት ጅራታቸው ሥር ካለው የሽታ ዕጢ የሚያወጡትን ቅባት ነው የሚመረምረው። ሞያው ሽታ ሆኖ ሳለ የራሱ አፍንጫ ከዓመት ዓመት የተደፈነ ነው፤ ሲናገር እንኳ «ም»ን «ብ» ነው የሚያደርጋት። እስቲ ይታያችሁ፣ መስማት የተሳነው ሙዚቀኛ በሉት! እሱ የሚያሸት ሰው ነበር የሚፈልገው፤ እሷ ደግሞ ከካልሲ የተሻለ ነገር ማሽተት። በወሩ አዲሱ ሥራ ላይ ነበረች።

የማሽተቻ ክፍሏ ጠባብ ናት። መስኮቷ ወደ ጓሮ ነው። ጠረጴዛው ላይ የወጥ ቤት ምድጃ የሚያህል ማሽን ተቀምጧል። ውስጡ ቢከፈት ከፀጉር ትንሽ የወፈረ ቱቦ እንደ ክር ተጠቅልሎ ይታያል፤ ቢዘረጋ መንገዱን ተሻግሮ ከማዶው ሱቅ ይደርሳል። ከማሽኑ ጎን ደግሞ የብርጭቆ ጡሩንባ ወጥቷል። አፍንጫዋን እሱ ላይ ትደግንና የሸተታትን ለድምፅ መቅረጫው ትናገራለች። አለቀ፣ ሥራው ይሄው ነው!

ግን ነገሩ እንዴት እንደሚጥም! ጥርኝን ታውቋት የለ? ያቺ ነጠብጣብ ያለባት፣ ዓይኗ ዙሪያ ጥቁር ጭምብል ያጠለቀች የምትመስለው። ጅራቷ ሥር ከረጢት አላት፤ ዝባድ የሚባለው ቅባት እዚያ ውስጥ ነው የሚጠራቀመው። ግንድ ስታገኝ ጠጋ ብላ ትለቀልቀዋለች። ለምን ቢሉ ማስታወቂያዋ ነዋ! «እዚህ ሰፈር ሰው አለ፣ ሴት ነኝ፣ ትናንት አልፌያለሁ፣ ባል ካለም እንነጋገር» ይላል፤ ሁሉም በአንድ ልቅለቃ። ቅባቱን ራሷ ትሠራዋለች። ከዚያ ደግሞ ከረጢቱ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ቅባቱን እየበሉ አሲድ ያወጣሉ፤ ያ ኮምጣጣው ሽታ የእነሱ ነው። ጥርኟ አከራይ፣ ባክቴሪያዎቹ ተከራይ በሏቸው፤ ኪራዩን በሽታ ይከፍላሉ።

ኬሚስቱ ሲያስረዳት፣ «ቀላል ቀላሎቹ ቶሎ በነው ይጠፋሉ፣ እነሱ ወሬ ናቸው። ከባዶቹ ግን ዝናብ ቢመጣ ፀሐይ ቢመጣ ግንዱን አይለቁም፣ እነሱ ማኅተም ናቸው» አላት። ማሽኑም የሚሠራው በዚሁ ነው። ሙቀቱ ቀስ እያለ ሲጨምር ቀላሎቹ በቱቦው ውስጥ ቀድመው ይሮጣሉ፣ ከባዶቹ ወገባቸውን ይዘው ከኋላ ይመጣሉ። መጨረሻ ላይ ቱቦው ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ማሽኑ ጋ ሄዶ ኮምፒውተሩ ላይ ጉብታ ጉብታ ይሥላል፣ ግማሹ ደግሞ በጡሩንባው ወደ እሷ አፍንጫ።

እሷም ትጀምራለች። «ኮምጣጤ... የከረመ ቅቤ... ውይ ካልሲ፣ ካልሲ፣ ያውም የወታደር... ጠፋ... እርጥብ ፎጣ... አሁን ሽንት ቤት ነው... ቆይ፣ ቆይ፣ አበባ ሆነ!» ኬሚስቱ ይሄን ሲሰማ በደስታ ይዘላል። አንዱ ኬሚካል እንደዚያ ነው፤ ሲበዛ ያስሮጣል፣ ሲያንስ አበባ ነው። አንዳንዴ ትሳሳታለች። አንዴ «ፖም! ፖም!» ብላ ማሽኑን ለሁለት ቀን አስፈትታው፣ ፖሙ ከራሷ ቦርሳ ተገኘ።

መጨረሻ ላይ ትልቁ ተራራ ይመጣል፤ የጥርኝ ዋናዋ ሽታ፣ ሞቅ ያለው፣ ከባዱ። ጉዱ ያለው ግን ከተራራው ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። እዚያ ጋ ማሽኑ የትንኝ ንክሻ የምታህል ጉብታ ብቻ ይሥላል። ቆሻሻ ትሁን፣ ምን ትሁን አይታወቅም። የእሷ አፍንጫ ላይ ግን በር የተከፈተ ያህል ነው። መጀመሪያ ሰሞን ስም አጥታላት ነበር፤ ከሰነበተች ወዲህ ግን ሁሌም አንድ ነገር ነው የምትለው፦ «የባሌ አንገት።» ኬሚስቱ መጀመሪያ ሲሰማት ጆሮው ድረስ ቀላ።

ኬሚስቱ ያቺ ጉብታ እስካሁን ማንም ያላወቃት አዲስ ነገር ናት ብሎ አመነ። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ግን እንዲህ በቀላሉ የምታምን ሴት አይደለችም። ክፉ አይደለችም፣ ጥብቅ ናት።

«አንድ አፍንጫ ምስክር አይሆንም» አለች። «ናሙናውም ሊያልቅ ነው።»

እውነቷን ነው። ቅባቱ ከዱር ጥርኝ ነው የመጣው፤ ኬሚስቱ ጫካ ገብቶ ከግንድ ላይ በጥጥ የጠረገው። ለወራት ሲያሸቱት ቆይተው የቀረው ጥፍር ላይ የሚያርፍ ነው። ኃላፊዋ ቁርጡን ነገረቻቸው። ሁለተኛ አሽታች ይምጣ፣ የመጀመሪያዋ ያለችውን ሳይሰማ ያቺን ጉብታ ያሽት። ከተስማሙ ሥራው ይቀጥላል። ካልተስማሙ የቀረው ናሙና የተሻለ ማሽን ወዳለው ሌላ ቤተ ሙከራ ይሄዳል፣ የማሽተቻ ክፍሏም የካርቶን ማስቀመጫ ትሆናለች። አነፍናፊዋስ? አነፍናፊዋማ ወደ ልብስ ቤት። ልብስ ቤቱ ክፉ አልነበረም፤ ግን ሰው ጥርኝ አሽትቶ እንዴት ወደ ካልሲ ይመለሳል!

ፍለጋው ተጀመረ። ዘበኛው ተቀመጠ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «ሽንኩርት» አለ። ምሳውን በልቶ ነው የመጣው። ሹፌሩ ጡሩንባው ውስጥ አስነጠሰበት። ሽቶ ቤት የምትሠራ አንዲት ቆንጆ በብዙ ልመና መጣችና ገና ካልሲው ጋ ስትደርስ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች።

«ከዘመድ ወዳጅ አፍንጫ ያለው ሰው አታውቂም?» አላት ኬሚስቱ፣ ተስፋ ቆርጦ።

ታውቃለች። ምላሷን ነከሰች እንጂ ታውቃለች። አማቷ!

አማትየዋ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፣ አብረዋቸው ነው የሚኖሩት። ደረጃው ሥር ቆመው ላይኛው ፎቅ ላይ ማን ሳሙና እንደቀየረ የሚያውቁ ሴት ናቸው። ግን እሳቸውና ምራታቸው ዓይንና ናጫ! እሷ ጨው በዛ ካለች እሳቸው አነሰ። እሷ መስኮቱ ይከፈት ካለች እሳቸው ነጠላቸውን ይከናነባሉ። ባልየውን ስታማክረው ራሱን ያዘ።

«ኧረ ባክሽ! እናቴ እኮ አንቺ ነጋ ካልሽ ፀሐይዋን መልሳ የምታጠልቅ ሰው ናት። እንጀራሽን ለእሷ አፍንጫ ልትሰጪ?»

«ሌላ አፍንጫ የለማ!»

ገባች ወደ አማቷ። እሳቸው አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ካልሲ ይጠግናሉ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነበር።»

«ከመቼ ወዲህ ነው የምታስፈቅጂው?»

«መሥሪያ ቤት መጥተው አንድ ነገር ቢያሸቱልኝ።»

አማትየዋ መርፌያቸውን ካልሲው ላይ ሰኩ። «የዚያን የአውሬ ቂጥ?»

«ቂጡን አይደለም እማማ፣ ቅባቱን።»

«እኔ ስንቱን ሳዋልድ የኖርኩ ሴት፣ ያልሸተተኝ ምን አለ ብለሽ ነው? እሄዳለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለአንቺ ብዬ አልዋሽም። አበባ ከሆነ አበባ፣ እበት ከሆነ እበት!»

«እኔም እሱኑ ነው የምፈልገው» አለች።

ኃላፊዋ ደግሞ ሌላ ጣጣ ጨመረች። አንድ ቤት ስለሚኖሩ፣ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ስለ ሽታ ቤት ውስጥ አንዲት ቃል እንዳይነጋገሩ። ስለ ምንም ሽታ! ሁለቱም እጃቸውን አንስተው ማሉ። ባልየው ቤቱ እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም ነበርና ደስታውን አልቻለውም። ደስታው ግን ወተቱ ድረስ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወተት ተጥዶ ተረሳ። ማረር ሲጀምር ምራትየዋ ሸተታት፤ ቀና ስትል አማቷም ቀና ብለዋል። ተያዩ። እሷ መሐላዋን አሰበች፣ እሳቸውም አሰቡ። «እኔ ብናገር አፈረሰች ትለኛለች» ይላል የሁለቱም ዓይን። አንዷም ከወንበሯ አልተነሳች! ባልየው ከጓሮ እየሮጠ ገባ፣ ወጥ ቤቱ በጭስ ታፍኗል።

«ምን ሆናችኋል! አይሸታችሁም እንዴ?»

ሁለቱም ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

አማትየዋ ጡሩንባው ላይ በተቀመጡበት ቀን አነፍናፊዋ ኮሪደር ላይ ነበረች፤ መስማት ክልክል ነው። አንዴ ትነሳለች፣ አንዴ ትቀመጣለች። ሲወጡ ፊታቸውን አየች፤ ምንም አይነበብም። እንደ ሐኪም ነጠላቸውን አስተካክለው አለፏት።

በማግስቱ ሁሉም ኃላፊዋ ቢሮ ተሰበሰቡ። ኬሚስቱ ከመቅረጫው የገለበጠውን ወረቀት አነበበ። ካልሲው ላይ ተስማምተዋል። ቅቤው ላይ ተስማምተዋል። አበባው ላይ፣ ይገርማችኋል፣ ሁለቱም «ሲያንስ ነው ደስ የሚለው» ብለዋል። ያቺ ጉብታ ጋ ሲደርስ ግን ድምፁ ወረደ።

«አንደኛዋ፦ የአዋቂ ወንድ አንገት። ሁለተኛዋ፦ የሕፃን አናት።»

ኃላፊዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አንገትና አናት። አዋቂና ሕፃን። ይሄ መስማማት አይደለም፣ አዝናለሁ።»

ለአነፍናፊዋ ያቺ ጠባብ ክፍል፣ ያ ጡሩንባ፣ ካርቶን ሲሞላባቸው ታያት። እንባዋ ሊመጣ ሲል ከጎኗ አማትየዋ ወንበራቸውን አንቋቁ።

«ማነው ሕፃን ያለው?»

«እርስዎ ነዎት እማማ» አለ ኬሚስቱ።

«እኔ ሕፃን አላልኩም! የልጄ አናት ነው ያልኩት።»

«ያው ልጅ...»

«ልጄማ ይሄው የዚች ባል ነው! ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ መላጣ እየጀመረው ነው! ከሥራ ሲገባ አናቱን ስስመው የሚሸተኝን ነው የነገርኩህ። አንተ ልጄ ብልህ ጡት አጠባኸው!»

አነፍናፊዋ ዘላ ቆመች። «አንድ ሰው ነው! አንድ ሰው ነው እኮ! እሳቸው አናቱን፣ እኔ አንገቱን!»

ኃላፊዋ ከንፈሯን ይዛ ሳቋን ዋጠች፣ ግን ጥብቅነቷን አልለቀቀችም። «ቃሉ ገጥሟል። አፍንጫችሁስ? ምናልባት ሁለታችሁም ደስ የሚል ነገር ሲሸታችሁ እሱን ታስባላችሁ። እንፈትን።» የዘበኛውን ቆብ፣ የሹፌሩን ቆብ፣ የኬሚስቱን የጫካ ቆብ፣ ከቤት የመጣውን የባልየውን ቆብ አራት ማሰሮ መሰል ብርጭቆ ውስጥ ከተተቻቸው፣ በወረቀት ሸፈነቻቸው፣ ፊደል ለጠፈችባቸው። ለዚያች ጉብታ የሚቀርበው የቱ ነው? ተራ በተራ፣ ሳይነጋገሩ።

አነፍናፊዋ ገባች። «ሀ» ሽንኩርት፣ ዘበኛው። «ለ» ቤንዚን። «ሐ» ላይ ስትደርስ ልቧ ሞቀ፤ ያው ራሱ ነው፣ ያ በሩ የሚከፈተው ሽታ! «መ» ደግሞ የዛገ ብረትና ሙጫ አለው፤ ከሥሩ ያቺው ነገር ትንሽ ትንሽ ትላለች፣ ግን «ሐ»ን አታህልም። ያለ ጥርጥር «ሐ» ብላ ጽፋ ወጣች። አማትየዋም ገቡ፣ ጽፈው ወጡ።

ኃላፊዋ ሁለቱን ብጣሽ ወረቀቶች ገለጠች። «ሐ። ሐ። ተስማምታችኋል!»

«ልጄን አጥቼው!» አሉ አማትየዋ ደረታቸውን ነፍተው።

ኃላፊዋ የ«ሐ»ን ወረቀት ገፈፈች። የኬሚስቱ ቆብ!

ወይ ጉድ! አማትየዋ ቀስ ብለው ወደ ምራታቸው ዞሩ። «አንቺ ልጅ!»

«እማማ፣ እርስዎም እኮ እሱኑ ነው የመረጡት!»

«እኔማ... እኔ አሮጊት ነኝ!»

ኬሚስቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ከግድግዳው ጋር ሊጣበቅ ደረሰ። ኃላፊዋ ያን ሁሉ ዓመት የዋጠችውን ሳቅ አንዴ ለቀቀችው፣ መነጽሯን አውልቃ እንባዋን ጠረገች። ኬሚስቱ ግን በድንገት ቅላቱ ጠፋ፣ ቆቡን መንጠቅ አድርጎ ወደ ማሽኑ ሮጠ። ከቆቡ ጠርዝ ክር ቆርጦ ዘፍዝፎ አስገባ። ሁሉም ከኋላው ተደርድረው ኮምፒውተሩ ላይ አፈጠጡ። ማሽኑ ቀስ እያለ ሣለ፣ ሣለ... ከትልቁ ተራራ ቀደም ብሎ ያቺ ጉብታ ብቅ አለች፣ ያውም ወፍራ! ከባልየው ቆብ ክር ተቆረጠ፤ አለች፣ ትንሽዬ። ቀጥሎ ኬሚስቱ አነፍናፊዋ ራስ ላይ ያለውን ሻሽ አየው።

«እሱን ደግሞ ስጪኝ እስቲ።»

የሻሿስ ጉብታ አይደለም፣ ኮረብታ ነው!

ነገሩ የተፈታው ያኔ ነው። ከባዶቹ ማኅተም ናቸው አላልንም? እሷ ለወራት ጡሩንባው ላይ ስታጎነብስ ሽታው ፀጉሯ ላይ ይሰፍራል። ከፀጉሯ ወደ ትራሱ፣ ከትራሱ ወደ ባሏ አንገትና አናት። የራሷን ፀጉር ግን አይሸታትም፤ አፍንጫ አብሮት የዋለውን ነገር ይተዋል። ባሏ ላይ ሲሆን ነው የሚሸታት። ኬሚስቱ ደግሞ ያን ቆብ አጥልቆ ነው ጫካ ለጫካ ግንድ ሲጠርግ የኖረው፤ ቆቡ ላይ ያለው ከማሽኑ ሳይሆን ከጥርኟ የመጣ ነው።

«ስለዚህ ጉብታዋ ቆሻሻ አይደለችም» አለ ኬሚስቱ፣ በዚያ በተደፈነ አፍንጫው። «ትንሽ ናት፣ ግን የያዘችውን አትለቅም።»

ኃላፊዋ ማሽተቻ ክፍሉን አየት አደረገችና ለዘበኛው፣ «ካርቶኖቹን ሌላ ቦታ ፈልግላቸው። እዚህ ሁለተኛ ወንበር ይምጣ» አለችው።

«መደገፊያ ያለው ይሁን» አሉ አማትየዋ። «ወገቤን ያመኛል።»

አነፍናፊዋ አማቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እሳቸውም አልገፏትም። ትንሽ ቆይተው ብቻ፣ «ልቀቂኝ፣ እኔንም ጥርኝ ልታደርጊኝ ነው» አሏት።

ቤት ሲደርሱ ባልየው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሁለቱም እየተሻሙ ነገሩት። ሰምቶ ሲጨርስ አናቱን ዳበሰ።

«ቆይ፣ ቆይ! ሁለታችሁም ስትወዱት የነበረው የእኔን ጠረን ሳይሆን የጥርኝ ነው ማለት ነው?»

«ልጄ» አሉ እናቱ፣ ቱታውን በሁለት ጣታቸው ከትከሻው እያነሱ፣ «የአንተንማ ቧንቧ መሥራት ከጀመርክበት ቀን ጀምሮ እናውቀዋለን። በል ግባ፣ ታጠብ!»

«አናቱ ላይ ያለውን እንዳያስለቅቁት ብቻ እማማ» አለች ምራታቸው፣ «ለነገ ናሙና እንፈልገዋለን።»

«በሳሙና ይታጠባል!»

«በውኃ ብቻ!»

ባልየው ፎጣውን ይዞ መሃላቸው ቆሞ ማናቸውን እንደሚሰማ ሲያስብ፣ እነሱ በሳሙናውና በውኃው ጭቅጭቃቸውን ቀጠሉ፤ ያውም እየሳቁ።